ከነብሯ ዓለት ሥር

በሰሜን ኬንያ፣ ከዋምባ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ፣ ሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ ትልቅ ዓለት አለ። ሰዉ ሶይት ይለዋል፤ ድንጋይ ማለት ነው፣ ሌላ ስም ያወጣለት የለም። እኔ ከቡርጂ መጥቼ ዋምባ ላይ ሱቅ ስከፍት ሶይት ሥር አንድም ጎጆ አልነበረም። ሣሩ ግን ከሌላው ቦታ ሁሉ ይረዝም ነበር። ከበስተጀርባው ካለው ስንጥቅም በጋ ከክረምት የማይደርቅ ውኃ ይንጠባጠባል። የአገሩ ከብት አርቢ ሳምቡሩ ውኃና ሣር አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይደለም። እዚያ ግን ከብቱን ቀን አጠጥቶ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ነድቶ ይመለሳል። ዓለቱ የነብር ነበረና።

ኖላሪ እዚያ ሄዳ ጎጆ የሠራችው ባሏ በሞተ በዓመቱ ነው። ቀጠን ያለች፣ ረጅም፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። ወንድ ልጅ አልወለደችም። ያለቻት ናሲኤኩ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ያኔ ወተት ማለብ የጀመረች ልጅ ነበረች። በሳምቡሩ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ሌላ አታገባም፤ ወንድ ልጅ ከሌላት ደግሞ የባሏ ወንድሞች ያስተዳድሯታል። የእሷ ዕጣ የደረሰው ለባሏ ታላቅ ወንድም ለሎኮሪዮ ነበር። ሎኮሪዮ ላሞቹን ከወሰደ በኋላ አንድ ጠዋት ደጃፏ መጥቶ በበርጩማው ተቀመጠ።

“ፍየሎችሽን ከእኔ ፍየሎች ጋር ቀላቅያቸው” አላት። “አንቺም ጎጆሽን ከሚስቶቼ ጎጆ አጠገብ ትሠሪያለሽ። ወንድ የለሽ፤ ማን ይጠብቅልሻል?”

“ላሞቹን ሲወስዱ እሺ ብያለሁ፤ የወንድምዎ ናቸው” አለችው። “ፍየሎቹ ግን ስዳር የተሰጡኝ ናቸው። ልጄ ያደገችው በእነሱ ወተት ነው።”

“እበላቸዋለሁ አልኩሽ?”

“አላሉኝም። የተቀላቀለ ፍየል ተመልሶ ሲለይ ግን አይቼ አላውቅም።”

ሎኮሪዮ ሳቀ። ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም፤ የሁሉ ነገር ባለቤት እሱ እንደሆነ አድርጎ የሚያስብ ሰው ነበር እንጂ። “እሺ፣ ታዲያ የት ልትሄጂ ነው?”

“ሶይት።”

አሁን ከልቡ ሳቀ። ሚስቶቹን ጠርቶ፣ “ተዉአት ትሂድ። ጨረቃዋ ሳትሞላ በእግሯ ትመለሳለች፤ ፍየሎቹ ግን አይመለሱም” አላቸው።

በማግሥቱ ኖላሪ የጎጆዋን እንጨትና ቆዳ ነቅላ በአህያዋ ጫነች፤ ፍየሎቿን ከፊት፣ ልጇን ከኋላ አድርጋ ሄደች።

ነብር ለእሷ አዲስ አልነበረም። የተወለደችው ከዋምባ በላይ በተራራው ደን ውስጥ ነው። አባቷ ጥድ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ስለነበር፣ ነብር በቅርንጫፍ ላይ ተዘርግታ፣ ጅራቷን አንጠልጥላ ስትተኛ በልጅነቷ አይታለች። ስሟን ግን አትጠራም፤ እዚያ አገር የሚጠራም የለም። ዝንጉርጉሯ ይሏታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰላም አለፉ። ጉረኖውን ከዓለቱ ጋር አጣብቃ፣ በሦስት በኩል እሾህ ከምራ፣ አራተኛውን ድንጋዩ ራሱ እንዲከልለው አድርጋ ሠራችው። ኋላ ላይ “ከዚያ የባሰ ሞኝነት ሠርቼ አላውቅም” ትለኝ ነበር። አንድ ጠዋት እናት ፍየሎቹን ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ተጨናንቀው አገኘቻቸው። ከመካከላቸው ብዙ ወተት የምትሰጠው ነጯ የለችም። ድንጋዩ ላይ ደም ተንጠባጥቦ ነበር። ናሲኤኩ ቀና ስትል፣ ከዓለቱ ወገብ ላይ በበቀለው ሾላ ቅርንጫፍ መካከል የነጯን እግሮች ተንጠልጥለው አየች። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እኩለ ቀን ላይ ውኃ ሊቀዱ በቡድን የመጡት ሴቶች ወሬውን ሰምተው ነበር። አንዷ እንስራዋን ሳታወርድ፣ “የናሲኤኩ እናት፣ ትናንት እንግዳ ተቀብለሽ እራት አበላሽ አሉ?” አለቻት።

“አብልቻለሁ” አለች ኖላሪ። “ቁርስ ግን እኔ ቤት የለም።”

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን ዕቃዋን አልጫነችም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አውሬ በሚተኛበት ሰዓት፣ ዓለቱን ዙሪያውን በእርጋታ ዞረችው። ዋሻው በየት በኩል እንደሆነ፣ ሽኮኮዎቹ የትኛው ድንጋይ ላይ ፀሐይ እንደሚሞቁና የትኛውን እንደሚሸሹ፣ ዝንጀሮዎቹ ለማደር የትኛውን ገደል እንደሚመርጡ አየች። ከስንጥቁ ሥር እርጥብ አፈር ላይ የእግር ዱካ አገኘች፤ ትንሽና ክብ፣ የሴት ነብር ዱካ። ከዱካው ጎን ደግሞ ከእሱ ያነሱ ሌሎች ነበሩ።

“ልጆች አሏት” አለቻት ለናሲኤኩ። “ስለዚህ የትም አትሄድም።”

“እኛስ?”

“እኛም የትም አንሄድም።”

ጉረኖውን አፍርሳ ከዓለቱ አርቃ ወደ ገላጣው ሜዳ ወሰደችው። ከዚያም እናትና ልጅ መጥረቢያና ገጀራ ይዘው በጉረኖው ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ መነጠሩ። ኖላሪ ነብርን ስታስብ ደኑን ወይም ዓለቱን አታስብም፤ መደበቂያውን ነው የምታስበው። “ተራራ ላይ ቅጠል አላት፤ እዚህ ድንጋይ አላት፤ ወንዙ ዳር ደግሞ ግራርና የተቦረቦረ ገደል አላት። የማትታይበት ቦታ ካገኘች በቃት፣ ትኖራለች” ትል ነበር። እውነቷን ነው። ዋምባ ራሷ ውስጥ፣ ከብት ከሚታረድበት በስተጀርባ ባለው ሸለቆ፣ አንዷ ውሾቻችንን እየለቀመች ስትኖር እኛ ጅብ ነው እያልን ጅብ እንራገም ነበር።

መመንጠሩ ብቻውን አልበቃም። ውሻቸው ተወሰደ። ቀጥሎ አንዲት ግልገል። ነብሯ እሾሁን አልነካችውም፤ በላዩ ዘልላ ገብታ በላዩ ዘልላ ነው የወጣችው። በዚያ ጠዋት ናሲኤኩ አላለቀሰችም፤ እናቷ ፊት መጥታ ቆመች።

“የዮ፣ እንመለስ” አለቻት። ልጅ እናቱን እንዲህ ነው የሚጠራው።

“የት?”

“አጎቴ ጋ።”

“እዚያ ሄደን ምን እንሆናለን?”

“እንኖራለን። ሌሎቹስ እየኖሩ አይደል?”

ኖላሪ ልጇን አጠገቧ አስቀመጠቻት። “ዝንጉርጉሯ እስካሁን የወሰደችብንን ቁጠሪልኝ።”

ናሲኤኩ ቆጠረች።

“ጥሩ። የቀሩትንስ ቁጠሪ።” ልጅቷ ወደ ፍየሎቹ ዞራ ቆጠረች። “እንግዲህ አጎትሽ ጋ ብንሄድ ስንት ይቀሩናል?”

ናሲኤኩ ተነሥታ፣ “ታዲያ ለጉረኖው ጣሪያ እንሥራለት” አለች። ሐሳቡ የእሷ ነበር። ኖላሪ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ ጣቷን ወደ ልጇ ትቀስራለች።

የግራር ግንድ ከወንዙ ዳር እየቆረጡ በአህያ አመላለሱ። ምሰሶ ተከሉ፤ በላዩ እንጨት ረበረቡ፤ በእንጨቱ ላይ እሾህ፣ በእሾሁ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደሩ። መጀመሪያ የሠሩት ተደርምሶ ሁለት ግልገል ገደለባቸው፤ ከነብሯ የከፋ ጉዳት ነበር። እንደገና ምሰሶውን አብዝተው፣ ጣሪያውን ዝቅ አድርገው ሠሩት። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ጠዋት ጣሪያው ላይ ባለው አቧራ የእግር ዱካ ያያሉ፤ ነብሯ ከዳር እስከ ዳር ተመላልሳ፣ አንዱን ድንጋይ ፈንቅላ ለማየት ሞክራ ሄዳለች። ፍየሎቹ ግን ሙሉ ናቸው።

ሱቄ የምትመጣው ስኳርና ሻይ ቅጠል ስትፈልግ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋት። “አትፈሪም?”

“እፈራለሁ እንጂ” አለችኝ። “ሰዉም እንደኔ ስለሚፈራ አይደል ሣሩ የተረፈልኝ? እሷ ባትኖር እኔን እዚያ ማን ያስቀምጠኛል?”

ይህን ከዚያ በፊት ከማንም አፍ አልሰማሁም። ነብር ያለበትን ቦታ ሰው ሁሉ እንደተበላሸ ቦታ ነበር የሚቆጥረው። ባልና ወንድ ልጅ የሌላት ሴት ግን የተሻለ ቦታ ይዛ ማን ይተውላታል? ኖላሪ ይህን አስባ ነው ከመጀመሪያው ወደዚያ የሄደችው።

ዓመታት አለፉ። ፍየሎቹ በዙ፤ ናሲኤኩ አደገች። የነብሯ ግልገሎችም አደጉና ተበተኑ፤ አንደኛው ወደ ተራራው ደን ሲሻገር እረኞች አይተውታል ይባላል። ከዚያ ድርቁ መጣ። ሜዳው አመድ ሆነ፤ ላሞች በየመንገዱ ወደቁ። ሶይት ሥር ግን ደረቅም ቢሆን ሣር ነበረ፤ ስንጥቁ አጠገብ ደግሞ ጥቂት እርጥብ። ሎኮሪዮ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሣሩን አየ፤ ውኃውን ቀመሰ፤ ድንጋይ የተጫነበትን ጉረኖ ዞሮ አየ።

“ተጎድተሻል” አላት። “ከአውሬ ጋር እየታገልሽ ስንት ዓመት! ይህን ነገር ላስወግድልሽ።”

“አልጠየቅሁዎትም።”

“ዘመድ ሳይጠየቅ ነው የሚረዳ።”

በሁለተኛው ቀን ናሲኤኩ ፍየሎቹን ወደ ውኃው ስትነዳ፣ ስንጥቁ አጠገብ የሞተ በግ ተጥሎ አገኘች። ሆዱ ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ሐምራዊ ዱቄት ተነስንሶበታል። ለሰብል ተባይ የሚሸጥ መርዝ ነው፤ አውሬ የሚጠሉ ሰዎች ከየገበያው ይገዙታል። አጠገቡ ሁለት አሞሮች ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተዋል። ናሲኤኩ ፍየሎቹን መልሳ እናቷን ጠራች። ሁለቱ እጃቸውን በቆዳ ጠቅልለው፣ በጉንም አሞሮቹንም በገመድ ጎትተው ሜዳ ላይ አወጡ፤ እንጨት ከምረው አቃጠሉት፤ ጉድጓድ ቆፍረው አመዱን ቀበሩት። መርዙ የሠራውን ሊያይ ይመጣ የነበረው ሎኮሪዮ ጭሱን አይቶ እየሮጠ ደረሰ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ያቆሸሹትን እያጸዳሁ።”

“ምነው፣ አውሬው ባልሽ ነው እንዴ?”

ኖላሪ አካፋዋን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየችው። “ባሌ ቢሆንማ ደግ ነበር። ባሌ ቢኖር እርስዎ እዚህ ቆመው እንዲህ አይሉኝም ነበር።”

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ሽማግሌዎች ወደተቀመጡበት ግራር ሥር ነው። ከስንጥቁ አጠገብ የነቀለችውን እርጥብ ሣር በእጇ ጨብጣ ነበር፤ ሣር ይዞ የመጣ ሰው ስሙኝ እያለ ነው። አንዱ ሽማግሌ፣ “ሴት በሸንጎ አትናገርም” አለ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሌይቶሬ ግን ሣሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። በዚያ ድርቅ እርጥብ ሣር ያየ ዓይን አልነበረም።

“ትናገር” አሉ።

“ሣሩ የእኔ ነው አላልኩም” አለች ኖላሪ። “የእግዜር ነው። የፈለገ ከብቱን ይዞ ይምጣ። እኔ ግን የኖርኩት ከእሷ ጋር ነው፤ የሚመጣም ከእሷ ጋር ይኑር። መርዝ መርጦ አይገድልም። የተጣለው ውኃው አጠገብ ነው፤ ከዚያ ውኃ የእናንተም ልጆች ይጠጣሉ።”

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ አንሾካሾኩ። ሌይቶሬ ሎኮሪዮን አስቆሙት። “ከብትህን ወስደህ እዚያ ስፈር፤ የሚከለክልህ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚያ ውኃ አጠገብ መርዝ የጣለ እርግማናችን ይድረሰው።” በሳምቡሩ የሽማግሌ እርግማን ቀልድ አይደለም። ሎኮሪዮ አንገቱን ደፋ።

ከብቱን ይዞ ሰፈረ። የጥጆቹን በረት የሠራው ከዓለቱ ጋር አጣብቆ፣ በሦስት በኩል እሾህ ከምሮ ነበር። ኖላሪ ሄዳ፣ “ያራቁት። ጣሪያም ያልብሱት፤ እንጨት እሰጥዎታለሁ” አለችው።

“ጥጃ ቤት አይሠራለትም” አላት።

አንድ ጥጃ ተወሰደ። ሁለተኛው ሲወሰድ የሎኮሪዮ ልጅ ልሜሪዋስ ተቆጣ። ልሜሪዋስ ፀጉሩን በቀይ አፈር የተቀባ፣ ጦሩ ከእጁ የማይለይ ሞራን ነበር፤ ሞራን ማለት አገር ጠባቂ ጎረምሳ ነው። የመንደሩ ልጃገረዶች፣ “የአባቱን ጥጆች ዝንጉርጉሯ ታልባቸዋለች” ብለው ዘፈን አውጥተውበታል። እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ዋሻው አፍ ድረስ ወጣ። ናሲኤኩ ከታች፣ “ተው፣ መውጫ አትዝጋባት” ብላ ጮኸችበት። አልሰማትም። ጦሩን ወረወረ፤ ነብሯም መጣችበት። ጓደኞቹ ሲደርሱ በላያቸው ዘልላ፣ ደሟን እያንጠባጠበች ከዓለቱ ጀርባ ተሰወረች። ልሜሪዋስን ተሸክመው ሲያወርዱት የራስ ቅል ቆዳው ተገሽልጦ፣ ግራ ክንዱ ተዘልዝሎ ነበር።

ሎኮሪዮ ልጁን ሲያይ ቆሞ ቀረ። ኖላሪ ግን ውኃ አፍልታ ጨው ጨመረችበት፤ ቁስሉን አጠበች፤ የትከሻ ልብሷን ቀድዳ አሰረችው። አህያዋን አምጥታ ልጁን አስቀመጠችውና ወደ ዋምባ መንገድ ጀመረች። ሎኮሪዮ ልጁን ከጎን ደግፎ ተከተላት። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣

“አትናገሪም?” አላት።

“ምን ልበል?”

“ነግሬዎት ነበር በይ።”

“በደንብ ይያዙት፤ እየተንሸራተተ ነው” አለችው።

ከተማ ሲገቡ ሱቄ በር ላይ ነበርኩ። የአህያዋ ጎን በደም ርሶ ነበር። ሐኪም ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ልሜሪዋስ ዳነ፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አይጨበጡም። ሎኮሪዮ በዚያው ሳምንት ከብቶቹን ነድቶ ከሶይት ወጣ፤ ስለ ፍየሎቹም ዳግመኛ አንሥቶ አያውቅም።

ከዚያ የመጣው ግን ኖላሪ ካየችው ሁሉ የከበደ ነበር። ዓለቱ ጸጥ አለ። ዱካ ጠፋ። ሽኮኮዎቹ ድሮ በማይደፍሩት ድንጋይ ላይ ተንጋለው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። እረኞች ይህን አይተው፣ “ሞታለች፤ ደሟን አይተናል” ማለት ጀመሩ። አንዳንዶቹም ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መመለስ ተዉ፤ ለማደር ቦታ ያማትሩ ጀመር።

“ደሟን አያችሁ፤ ሬሳዋን አይታችኋል?” ትላቸዋለች ኖላሪ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍየሎቿን ታስገባለች፤ የጣሪያውን ድንጋይ አንድ በአንድ እየነካች ትፈትሻለች፤ የበቀለውን ቁጥቋጦ ትመነጥራለች። ሰው እያየ ሁሉን እንደ ድሮው ታደርጋለች። ሱቄ ስትመጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቅኋት።

“ለእኔ ንገሪኝ። አለች ወይስ የለችም?”

“አላውቅም” አለችኝ። “ሞታም ሊሆን ይችላል።”

“ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?”

“እኔ ጣሪያውን ያነሳሁ ቀን መሞቷን አገር ሁሉ ያውቃል።”

ዝናቡ እስኪመጣ እንዲሁ ቆየች። ከስታ ነበር፤ እንቅልፍም አልነበራትም። ዝናቡ በመጣ ማግሥት አንድ የገበያ ቀን ሱቄ በሰው ተሞልቶ ሳለ ገባች። ኖላሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር አልሰማሁም።

“ሙክቴን በላብኝ” አለች። “ውኃው ዳር ከመንጋው ኋላ የቀረውን ትልቁን ሙክቴን። ሾላው ላይ ሰቅሎታል። ይኸኛው ወንድ ነው፤ ዱካው የእጄን መዳፍ ያክላል።”

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠላት። እረኞቹ ተያዩ። እኔ ስኳሯን እየመዘንኩ ፊቷን አየሁት፤ ያዘነች ሴት ፊት ለማድረግ የቻለችውን ያህል እየታገለች ነበር። እውነት መሆኑን ኋላ ራሴ ሄጄ አየሁ፤ ሙክቱ ሾላው ላይ ነበር። አንድ ዓለት ባዶ ሲሆን ከተራራው ወይም ከወንዙ ዳር ሌላ ነብር ወርዶ መያዙ አይቀርም፤ ኖላሪ ስትጠብቅ የከረመችው ይህን ነበር።

ናሲኤኩ ባል ቤት አልሄደችም። ወንድ ልጅ በሌለበት ቤት ሴት ልጅ ቀርታ ለአባቷ ስም ትወልዳለች፤ እሷም እዚያው ሶይት ሥር ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለደች። ልሜሪዋስ አንድ ጊዜ በደህና እጁ አንዲት ጊደር እየሳበ መጥቶ፣ “አባቴ ልኮልሽ ነው” ብሎ አስሯት ሄደ። ኖላሪ ጊደሯን ተቀበለች፤ ለሎኮሪዮም ምስጋና ላከች።

አሁን ሶይት ሥር አራት ጎጆ አለ። የሦስቱ ባለቤቶች እንደ ኖላሪ ባል የሞተባቸው፣ ወንድ ልጅ የሌላቸው ሴቶች ናቸው። የመጨረሻዋ የመጣችው ባለፈው በጋ ነው። እኔም ፍየል ልገዛ ሄጄ ነበርና ኖላሪ ሴትዮዋን ከዓለቱ ራቅ ወዳለ ገላጣ ስትወስዳት አየሁ። ሴትዮዋ ያን ጥቁር ድንጋይ ሽቅብ እያየች ቆመች።

“እውነት እዚያ ውስጥ አለ?” አለቻት።

“አለ” አለች ኖላሪ፣ ገጀራውን እያቀበለቻት። “ነይ፣ ከዚህ ቁጥቋጦ እንጀምር።”